ዝሆን በስንት ሚሊሜትር ይወድቃል?

እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲንከራተት ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱን ራሱም ይፈራው ነበር። ጠመንጃው 9 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚተፋው ፈንጂ አረር ደግሞ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም ከ220 ግራም በላይ ነው። ዓረብ ተከታዮቹ "የመድፍ ልጅ" አሉት፤ እሱ አሳጥሮ "ሕፃኑ" አለው። ቤከር ከባድ ጠመንጃ የለመደ ሰው ቢሆንም፣ ቃታውን በሳበ ቁጥር የጠመንጃው ርግጫ ከቆመበት ያሾረው ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል ደፍሮ የሚተኩሰው አልተገኘም። አውሬው ይሞታል፣ ተኳሹም ለጥቂት ይተርፋል ማለት ነው።

ይኸው ሰው በጉዞው መጀመሪያ ላይ፣ ተከዜያችን ቁልቁል ወርዶ ሰቲት በሚባልበት አገር፣ ያለ ጠመንጃ ዝሆን የሚጥሉ ሰዎችን አይቷል። የሐምራን ዓረቦች ናቸው። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየተመላለሰ ያስቆጣዋል። ዝሆኑ እሱን ማሳደድ ሲጀምር ሌሎቹ ከኋላ እየጋለቡ ይጠጉና አንዱ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ በሁለት እጁ በጨበጠው ሰይፍ ቋንጃውን ይለዋል። ቋንጃው የተቆረጠ ዝሆን የትም አይሄድም። አዳኞችና ጠመንጃ ሠሪዎች ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የተሟገቱበት ጉዳይ በነዚህ ሁለት ሰፈሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ የአረሩ ክብደት ይበልጣል ወይስ የሚያርፍበት ቦታ?

ቤከርን ከልክ በላይ ሄደ ብሎ መውቀስ አይቻልም። ጥቁር ባሩድ አረርን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ማስኬድ አይችልም። ፍጥነት መጨመር ካልተቻለ የቀረው አማራጭ እርሳስ መጨመር ነው። በ1871፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ደቡብ አፍሪካ የገባው ፍሬድሪክ ሴሉስ ዝሆን ማደን የጀመረው ከአፍ በሚጎርስ ርካሽ ጠመንጃ ሲሆን፣ አረሩ 113 ግራም ይመዝን ነበር። አንድ ቀን ጠመንጃው ሳይተኩስ ይቀራል። አሽከሩ የፊተኛውን ሳያወጣ በላዩ ሌላ ባሩድና አረር ጨምሮ ያቀብለዋል። ሴሉስ ቃታውን ሲስብ ከመሬት ተነሥቶ በፊቱ አሸዋ ላይ ተደፋ፤ ጠመንጃው በትከሻው ላይ አልፎ ከኋላው ወደቀ። ከአደጋው ይልቅ የጎዳው ግን የየቀኑ ርግጫ ነው። እነዚያ ጠመንጃዎች መንፈሱን እንዳወኩበትና አተኳኮሱን እንዳበላሹበት በኋላ በጸጸት ጽፏል። ምት የሚፈራ ትከሻ ቃታው ሳይሳብ ይሸሻል፤ አረሩም አብሮት ይስታል።

በእኛ አገር ደግሞ ውጅግራ ነበር። ፈረንሳዮች በ1886 ለበል የተባለውን ጠመንጃ ታጥቀው፣ እኛ ውጅግራ ያልነውን አሮጌውን ግራ ሲያራግፉ፣ ብዙ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። 11 ሚሊሜትር ነው፤ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይተኩሳል። የዝሆን ገዳይነት በጆሮ ሎቲ በሚታወቅበት፣ ፎካሪም ግዳዩን በሚቆጥርበት ዘመን ለእኛ አዳኝ የታወቀው ጠመንጃ ይህ ነበር። ለስላሳ እርሳስ ግን የዝሆን ግንባር ሲነካ ይጨፈለቃል። ስለዚህ በጣም መቅረብና ተባብሮ መተኮስ ግድ ይላል።

ጭስ አልባ ባሩድ ሲመጣ ሒሳቡ ተለወጠ። በ1898 የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ ያወጣው .450 ናይትሮ ኤክስፕረስ (ቁጥሩ በኢንች ነው) 31 ግራም ጥይት በሰከንድ 650 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ጥይቱ ሙሉ ልባስ ስላለው አጥንት ሲነካ ቅርጹን አይለቅም። የቤከር "ሕፃን" በዚያ ቀን ጡረታ ወጣ ማለት ይቻላል። አስገራሚው ነገር፣ ይህን ተወዳጅ መጠን ከገበያ ያስወጣው አውሬ አለመሆኑ ነው። እንግሊዞች በ1907 ገደማ በሕንድና በሱዳን .450 ከለከሉ፤ በየመንደሩ የቀረው፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ አሮጌ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ጥይት እንዳያገኝ ሰግተው ነው። ሠሪዎቹ ሕጉን ለመሸሽ .465፣ .470 እና .475 አወጡ። ዛሬ የዝሆን ጠመንጃ ሲባል ስሙ ቀድሞ የሚጠራው .470 የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ብረት ከንቱ ያስመሰለው ሰው በ1880 ኤድንብራ አጠገብ ተወለደ። ዋልተር ቤል ይባላል፤ በኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ ካራሞጃ ብዙ ስላደነ ቅጽል ስሙ "ካራሞጆ" ሆኖ ቀረ። ወደ እኛም ዘልቆ ዛሬ ጋምቤላ በምንለው አገር በጊሎ ወንዝ ዙሪያ አድኗል። በሕይወት ዘመኑ ከ1000 በላይ ዝሆን ገድሏል። ቁጥሩን ዛሬ በአድናቆት መጻፍ ይከብዳል፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ የስንት መንጋ ዘር እንዳጠፋ እናውቃለንና። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ጠመንጃው ነው። አብዛኞቹን የጣለው እንግሊዞች .275 ሪግቢ በሚሉት በ7 ሚሊሜትር ማውዘር ሲሆን፣ ጥይቱ 11 ግራም ብቻ ነው። የእኛ ውጅግራ አረር ከእጥፍ በላይ ይከብደዋል!

ምሥጢሩ መጋዝ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል ከላይ እስከ ታች አሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ አጠና። የዝሆን ግንባር ሰፊ ይምሰል እንጂ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት አጥንት ነው። አንጎሉ ከዚያ ኋላ፣ ዝቅ ብሎ ተደብቋል። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ በኩል ሲታይ ወዴት እንደሚገኝ ያወቀ ሰው ረዥምና ቀጭን፣ ሙሉ ልባስ ያለው ጥይት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ጥይት አቅጣጫውን ሳይለቅ ይገባል። አንጎሉን የሳተ ከባድ ጥይት ግን ዝሆኑን ከማስቆጣት ያለፈ ላይፈይድ ይችላል። ቤል ባዶ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ ያለማቋረጥ ያነጣጥር ነበር። በዚያ ላይ ጠመንጃው ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሸከሙት እጅ አያዝልም፤ ድምፁም መንጋውን ብዙ አያስደነግጥም። የጥይት ነገር ሲነሣ ደግሞ ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር፦ አንዴ የከሸፈበትን ዓይነት ሁለተኛ አያምነውም።

ከዚያ ወዲህ "ቤል በ7 ሚሊሜትር ጥሏል" የሚለው ወሬ ስንቱን ጎረምሳ እንዳሳሳተ መገመት አያዳግትም። ወሬው መጋዙንና ልምምዱን ትቶ ሚሊሜትሩን ብቻ ይዞ ሄደ።

ለተቃራኒው ወገን የሚመሰክሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነታቸውን በ1909 እንዳስረከቡ ከልጃቸው ከከርሚት ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘመቱ። እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ሆላንድ እና ሆላንድ ከተባሉት ጠመንጃ ሠሪዎች ያሠሩላቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ .500/.450 ነበራቸው። የአንድ ዓይናቸው ብርሃን የጠፋ ባለ መነጽር ናቸው፤ የቤልን ጥበብ ከሳቸው መጠበቅ ግፍ ነው። ኬንያ ተራራ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ፣ ወደ መጀመሪያው ዝሆናቸው ተጠጉ። የመጀመሪያው ጥይት አንጎሉን ለጥቂት ሳተና ዝሆኑን አንገዳገደው፤ ሁለተኛው ጣለው። ሁለቱም አፈሙዞች ባዶ በሆኑባት በዚያች ቅጽበት ሌላ ኮርማ ዝሆን ቁጥቋጦውን ጥሶ ብቅ አለ። በኩምቢው ሊነካቸው ምንም አልቀረውም። ሩዝቬልት ከዛፍ ጀርባ ዘለው ጠመንጃቸውን ሰበሩ፣ ቀለሁን አራግፈው ሁለት አጎረሱ። እስከዚያው የቆሙላቸው መሪያቸው ካኒንግሃም ናቸው፤ ተኩሰው ኮርማውን አዞሩት።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ምርጥ ነው የሚሉት ሰዎች ሁለተኛው ጥይት ማቀባበል ሳያስፈልገው በቅጽበት መውጣቱን ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ሦስተኛው ጥይት ሲያስፈልግስ? ሪግቢ በ1911 .416ን ማውዘር ሥሪት በሆነ ባለ ካዝና ጠመንጃ አወጣ። ዋጋው ከባለ ሁለት አፈሙዙ በብዙ ይረክሳል። በዓመቱ ሆላንድ እና ሆላንድ .375ን አከሉ፦ 9.5 ሚሊሜትር፣ 19 ግራም። ትከሻ የሚችለው፣ ለሚዳቋም ለጎሽም የሚሆን። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአደን ሕግ ለአደገኛ አውሬ የተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ይኸው ነው። ሕጉ የተጻፈው ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለሚተኩሰው ለተርታው ሰው ነው። የቆሰለ ጎሽ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ከ15 እርምጃ ላይ ቢወጣ፣ ያ ሰው አንጎል ፍለጋ ጊዜ የለውም፤ ቦታውን በጥቂት ቢስትም አጥንት ሰብሮ የሚያቆም ነገር ይፈልጋል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የሕጉን ወገን እመርጣለሁ።

ቤል በ1954 ስኮትላንድ ውስጥ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ዊንቸስተር ባለ ሁለት አፈሙዝ መግዛት ለማይችል አዳኝ .458 ማግነም የተባለውን ለገበያ አቀረበ፦ 11.6 ሚሊሜትር፣ ጥይቱ ከ32 ግራም በላይ። በወረቀት ላይ ከድሮው .450 አያንስም። ቀለሁ አጭር በመሆኑ ግን ባሩዱ ታጭቆ ነበር የሚገባው፤ ሲቆይ እየጓጎለ በሚገባ አይነድም ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተኮሱ አዳኞች ጥይቱ ከተባለው ፍጥነት በታች እንደሚወጣ ያወቁት ዝሆኑና ጎሹ አልቆም ሲሏቸው ነው።