ባዶ ያልሆነው ባዶ

«ባዶ» ቀላል ቃል ይመስላል። ለእኛ ባዶ ማለት ተገልብጦ ጠብ የሚል ነገር ያጣ ዕቃ ነው። አደገኛ ዕቃ ለሚያጓጉዝ ሰው ግን እንዲያ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ያወጣው፣ ከዚያም ሲያሻሽለው የኖረው የማጓጓዣ ምክረ ሐሳብ፣ በሚገባ ያልጸዳ ባዶ ዕቃ እንደ ሙሉ ይያዝ ይላል። እውነቱን ነው። የቤንዚን በርሜል ፈሳሹ ቢያልቅም ተኑ ከአየር ተቀላቅሎ ውስጡ ይቀመጣል፤ የበያጅ እሳት ሲነካው ይፈነዳል።

ታዲያ ይህ የእኛም ታሪክ ነው። ጀሪካን የተወለደው ለውሃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር 20 ሊትር ነዳጅ እንዲይዝለት ከብረት ያሠራው ዕቃ ነው። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። በኋላ ፕላስቲክ ሆኖ እኛ ዘንድ ሲመጣ እንስራን ከእናቶቻችን ጀርባ አወረደው። ቀላል ነው፣ ወድቆ አይሰበርም። ማን ይጠላዋል?

ችግሩ ፀረ ተባይም በዚያው መሰል ዕቃ መምጣቱ ነው። መድኃኒቱ ያልቃል፤ ቆራሌው ይገዛል፤ ከዚያ ዕቃው ዘይት ይያዝበት ወይ ጠላ ማን ያውቃል? እንስራ የሸክላ ሠሪዋን እጅ ይናገራል፤ ጀሪካን ግን ወረቀቱ ከተላጠ የት እንደነበረ አይናገርም።

ደንቡ እንግዳ አይደለም። ዕቃውን ሩብ ያህል ውሃ ጨምረህ፣ ዘግተህ፣ ናጠው፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መልሰው፤ ይህን ሦስቴ አድርግ፤ ከዚያ ብሳው። ሦስቴ የታጠበውም ቢሆን ምግብና ውሃ አይያዝበትም።

ግን እኮ ደንቡ ገበሬውን «ብሳው» ሲለው ገበያው «ሽጠው» ይለዋል። ድሃ የሚሰማው የትኛውን ነው? ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ሸክሙን አከፋፈለችው፦ ገበሬው አጥቦ ይመልሳል፣ ሻጩ ይቀበላል፣ አምራቹ ወስዶ ያስወግዳል። ዛሬ እዚያ አብዛኛው ዕቃ ይመለሳል።

እኛም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየመጋዘኑ የተከማቸ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በዓለም አቀፍ እርዳታ እስከ ፊንላንድ ተጭኖ ሲቃጠል አይተናል። ለመርዙ መርከብ ተገኘለት። ጀሪካኑ ግን በየቤቱ ተበትኗልና መርከብ አይሰበስበውም። ሻጩ «ባዶውን መልስ፣ ዋጋ አለው» እስኪል ድረስ፣ ልጆቻችን የሚጠጡበትን ዕቃ ታሪክ የሚጠይቅ አይኖርም።