የሚረጭ ቆርቆሮና የደኅንነቱ ጥያቄ

በጋዝ ግፊት ፈሳሽን የመርጨት ዘዴ፣ በኖርዌዩ መሐንዲስ በኤሪክ ሮትሃይም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቢፈለሰፍም፣ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1941 የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ላይል ጉድሂውና ዊልያም ሰሊቫን የሠሩት የተባይ ማጥፊያ መርጫ፣ ወታደሮችን ከወባ ትንኝ ለመከላከል አገለገለ። ገፊው ጋዝ ፍሬዎን 12፣ እሳት የማይይዝና መርዛማነቱም እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበር፣ ለተጠቃሚው አስተማማኝ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ ይህን መሰሉ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ አመለከቱ። አሜሪካም በ1978 ከጥቂት አስፈላጊ አገልግሎቶች በስተቀር በሚረጩ ቆርቆሮዎች እንዳይሞላ ከለከለች። በምትኩ የተስፋፉት ፕሮፔንና ቡቴን ግን ተቀጣጣዮች ናቸው። ሰማዩን ያዳነው ለውጥ አደጋውን ወደ ተጠቃሚው እጅ መለሰው።

ከዚህም የተነሣ የጥበቃው ሸክም በቆርቆሮው አሠራር ላይ ይበልጥ ጸና። ወደ ውስጥ የጎደጎደው ግርጌ፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ቆርቆሮው ከመፈንዳቱ አስቀድሞ ወደ ውጭ ተገልብጦ ለጋዙ ተጨማሪ ስፍራ ይሰጣል። በፋብሪካ የተሞላውም ቆርቆሮ በሙቅ ውኃ ገንዳ አልፎ ይፈተሻል። «ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይሙቅ» የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ የመጨረሻው ጥበቃ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም።