የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማኅበራዊ ተጽዕኖ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኝ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በውስጡና በዙሪያው የሚኖረውን ሕዝብ አኗኗር በእጅጉ ለውጧል። በአንድ በኩል ዋልያ ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ረድቷል፤ ለደባርቅ ከተማም የቱሪዝም ገቢ አምጥቷል። በሌላ በኩል በደጋው ላይ ሲያርሱና ከብት ሲያረቡ የኖሩ ገበሬዎች የእርሻና የግጦሽ መሬት አጥተዋል፤ ከቀያቸው የተነሡም አሉ። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ፓርኩ ሲቋቋም የቆዳ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዋና ዓላማው በዱር ከሰሜን ተራሮች በቀር በሌላ ቦታ የማይገኘውን ዋልያ ማዳን ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በፓርኩ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ አካባቢው ሰው የሌለበት ምድር አልነበረም። ገበሬዎች ከፓርኩ መቋቋም ብዙ ዘመን አስቀድሞ በተራራው ላይ ገብስ ያመርቱ፣ በግና ፍየል፣ ከብትና የጋማ ከብት ያረቡ ነበር። ቤታቸውን የሚከድኑበትን ሣርና ማገዶውንም የሚያገኙት ከዚያው ነው። የፓርኩ ወሰን ሲከለል መንደሮችና ማሳዎች ውስጥ ቀሩ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የመሬት አጠቃቀም በሕግ ፊት «ሕገ ወጥ እርሻ» እና «ሕገ ወጥ ግጦሽ» ተባለ።

የነዋሪዎች መነሣት

በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከገደሉ በታች በነበሩ መንደሮች ይኖሩ የነበሩ ከ1,000 በላይ ሰዎች በግዳጅ እንዲነሡ ተደረገ። እርምጃው በነዋሪውና በፓርኩ መካከል ለረጅም ጊዜ የቆየ ቅሬታ ተከለ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ምክንያቶቹ የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻ መስፋፋት፣ የሕዝብ መጨመርና በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ ነበሩ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት ግቦች መካከል የሰፈራና የግጦሽ ጫናን መቀነስ ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ ወሰኑ ሁለት ዓይነት ለውጥ ተደረገበት። በዳር ያሉ መንደሮች ከክልሉ እንዲወጡ ሲደረግ፣ እንደ ሊማሊሞና ራስ ዳሸን ያሉ አካባቢዎች ተጨመሩ። የፓርኩ ስፋትም 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ።

በፓርኩ እምብርት የነበረው ትልቁ መንደር ግጭ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። መንግሥት ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ሰጠ፤ ዝውውሩም በነዋሪዎቹ ፈቃድ የተፈጸመ መሆኑን ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 2009፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ለተነሺዎቹ ግን ለውጡ የመኖሪያ ቦታ ብቻ አልነበረም። ከጎተራው የሚበላ ገበሬ እህል ከገበያ የሚሸምት ከተሜ ሆነ። ካሳው ቤት ከተሠራበት በኋላ ቋሚ መተዳደሪያ ማግኘት ዋናው ችግር ሆነ። ከደቦ፣ ከዕድርና ከጉርብትና የሚገኘው መደጋገፍም ላላ።

ገቢና የሥራ ዕድል

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በደባርቅ ይገኛል። ጎብኚዎች አስጎብኚ፣ የታጠቀ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ የሚቀጥሩት ከከተማዋና ከአካባቢው ነው። ከጎንደር በሚመጣው መንገድ ላይ ያለችው ዳባትም ከመንገደኛው የምትጠቀመው አላት። ሆኖም ጥቅሙ በእኩል አይደርስም። ገቢው ይበልጥ የሚሰበሰበው በከተማውና እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ባሉ የማደሪያ ካምፖች መስመር ላይ ነው። ከመንገድ የራቀ ገበሬ ግን ጭላዳ ገብሱን ሲበላበት፣ ነብር ወይም ቀበሮ በጉን ሲወስድበት ጉዳቱን ራሱ ይሸከማል።

የቱሪዝም ገቢ የማይዋዥቅ እንዳልሆነም ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚዎችን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በኋላም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ተከተለ። ብዙ አስጎብኚዎችና በቅሎ አከራዮች ሥራ ፈቱ፤ በፓርኩ ጥበቃም ላይ ችግሩ ከፋ።

የሕዝቡ ተሳትፎ

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 በፓርኩ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረድተዋል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው አንሥቶ ቅጠልና አፈር ይዞ እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ነዋሪው የፓርኩ ሥጋት ብቻ ተደርጎ ሊታይ እንደማይገባ ይህ ድርጊት ያስረዳል።

ክርክሮች

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የሰሜንን ጉዳይ «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» ከሚለው አሠራር ጋር አያይዞ ተችቷል። በፈረንሳይ ሴቬን ተራሮች የእረኞች አኗኗር ራሱ የቅርሱ አካል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በኢትዮጵያ ግን ገበሬው እንደ አጥፊ መቆጠሩን ይጠቅሳል። በሌላ ወገን ያሉ ባለሙያዎች በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የሚካሄድ እርሻ አፈሩን ጠርጎ እንደሚወስድ፣ ዋልያም ሌላ መሸሻ እንደሌለው ያስረዳሉ።

ከዚሁ ክልል የሚነጻጸረው የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት መሬቱን ለዓመታት እየዘጋና በየጊዜው ለሣር አጨዳና ለግጦሽ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም እስከ ዛሬ አሉበት። በዚህ ምክንያት ጓሳ ነዋሪውን ሳያስነሡ ጥበቃን ማካሄድ እንደሚቻል ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።