ንድፈ ሐሳብ በነርሲንግ ምርምር ታሪክ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት የሞቱትን ወታደሮች የሞት ምክንያት በአኃዝ ከመተንተኗም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ ንጹሕ አየር፣ ብርሃንና ንጽሕና ለፈውስ ያላቸውን ድርሻ በማብራራት ለነርሲንግ ምርምር የመጀመሪያውን የሐሳብ መሠረት ጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ሙያው ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በልምድና በሐኪም ትእዛዝ ሲመራ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ለነርሲንግ ምርምር የተዘጋጀ መጽሔት መታተም ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት ሂልደጋርድ ፔፕላው የነርስና የታካሚን ግንኙነት የእንክብካቤው እምብርት አድርጋ የተነተነችበትን ሥራ አወጣች።

ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ክስተቶች እንዴትና ለምን እንደሚያያዙ የሚያስረዳ የተደራጀ የጽንሰ ሐሳቦች ስብስብ፣ ተመራማሪው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚለካና ውጤቱን እንዴት እንደሚተረጉም ይመራዋል። ለምሳሌ ዶሮቲያ ኦረም እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ ያቀረበችው የራስ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ጤንነቱን ለመጠበቅ ራሱ የሚያደርገውን ጥረት ነርስ ከምታሟላው ጉድለት ስለሚለይ፣ የስኳር ሕሙማን ሕመማቸውን የመቆጣጠር አቅም ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል። ምርምርም በተራው ንድፈ ሐሳቡን ይፈትናል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ይጥላል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብን በመግቢያው ጠቅሶ በትንተናው የሚዘነጋ ጥናት መረጃ ይሰበስብ ይሆናል እንጂ የሙያውን ዕውቀት አያሳድግም።