በራሳቸው የሚታደሱ የደንበኝነት ክፍያዎች፦ ምንነታቸው፣ የማቋረጫ መንገዳቸውና የሸማቹ መብት

በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ማለት ሸማቹ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ፣ «ይቋረጥልኝ» ብሎ እስካላመለከተ ድረስ፣ ክፍያው በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ከአየር ሰዓቱ፣ ከሞባይል ገንዘብ ሂሳቡ ወይም ከባንክ ካርዱ እየተቀነሰ የሚቀጥል የአገልግሎት ውል ነው። በተራ ግዢ ሸማቹ በየጊዜው «እገዛለሁ» ብሎ ይወስናል። እዚህ ግን ውሳኔው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ርምጃ የሚጠበቅበት ለማቆም የፈለገው ሸማች ነው።

አሠራሩ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅሉ በየወሩ እንዲታደስለት የመረጠ ወይም የኢንሹራንስ ዓረቦኑን በቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ የሚከፍል ሰው ድካሙ ቀንሶለታል። ቅሬታ የሚነሳው ሸማቹ መመዝገቡን ሳያውቅ ሲቀር፣ የዋጋው መግለጫ በማይነበብ ስፍራ ሲቀመጥ፣ ወይም ለመግባት አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ሆኖ ለመውጣት ግን መንገዱ ሲጠፋ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም። በቀን 2 ብር የሚቆረጥበት አንድ አገልግሎት በዓመት 730 ብር ያስወጣል፤ በአንድ ስልክ ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች ካሉ ድምሩ 2,190 ብር ይደርሳል። ልጆቻቸው ከከተማ የሚሞሉላቸውን የአየር ሰዓት ለክፉ ቀን ብለው የሚቆጥቡ እናት፣ የታመመ ሰው ለማሳከም ስልኩን ባነሱበት ሰዓት ቀሪ ሂሳብ ላያገኙበት ይችላሉ። ሂሳቡ ለምን እንዳለቀ የሚገልጸው መልእክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንበብ በማይችሉት ፊደል ወይም ቋንቋ የተጻፈ ይሆናል።

በአጭር ቁጥር የሚሰጡ አገልግሎቶች

በአገራችን በራሱ የሚታደስ ክፍያ ከብዙኃኑ ጋር የሚገናኘው በዋናነት በአጭር የጽሑፍ መልእክት አማካይነት ነው። የጤና ምክር፣ የእግር ኳስ ዜና፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የጥሪ ማሳመሪያ ሙዚቃ የመሳሰሉት አገልግሎቶች በሦስት ወይም በአራት አሃዝ አጭር ቁጥር ይሰጣሉ። ይዘቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌኮም ኦፕሬተሩ የተለየ ነው፤ ክፍያው ግን የሚቆረጠው በኦፕሬተሩ ሥርዓት በኩል ከደንበኛው የአየር ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «አገልግሎቱን የምንሰጠው እኛ አይደለንም» የሚል ምላሽ የገጠመው ደንበኛ፣ ገንዘቡ ከማን ሂሳብ በማን በኩል እንደተቀነሰ አንሥቶ ቅሬታውን እዚያው ማስመዝገብ ይችላል።

ምዝገባው የሚፈጸምባቸው መንገዶች በርካታ ናቸው። ለማስታወቂያ መልእክት «1» ወይም «ኦኬ» ብሎ መመለስ፣ በስልኩ ማያ ላይ ድንገት ብቅ ለሚል መስኮት የመስማሚያውን ቁልፍ መጫን፣ በኢንተርኔት ላይ ያለን ማስፈንጠሪያ መንካት፣ ስልኩን ይዞ የሚጫወት ሕፃን ያላሰበውን ቁልፍ መንካቱ ይገኙባቸዋል። «የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጻ ናቸው» የሚለው አገላለጽ በተለይ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ከነጻዎቹ ቀናት በኋላ ክፍያው ያለተጨማሪ ጥያቄ እንደሚጀምር የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ ነው።

ለማቋረጥ የተለመደው መንገድ መልእክቱ ወደመጣበት አጭር ቁጥር በላቲን ፊደላት «ስቶፕ» የሚለውን ቃል መላክ ነው። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች ሌላ ቃል ወይም ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ትክክለኛው መመሪያ በምዝገባው ማረጋገጫ መልእክት ላይ ስለሚገኝ ያንን መልእክት አለማጥፋት ይመከራል። በአንድ አጭር ቁጥር ከአንድ በላይ አገልግሎት የሚሰጥበት ጊዜም አለ፤ አንዱን ማቋረጥ ሌላውን ላያቋርጥ ስለሚችል፣ የማቋረጫ ማረጋገጫው የትኛውን አገልግሎት እንደሚጠቅስ ማየት ያስፈልጋል። ማረጋገጫ ካልመጣ ወይም በማግሥቱ ክፍያው ከቀጠለ ኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች በ700 ደውለው በስልክ ቁጥራቸው ላይ የተመዘገቡ አገልግሎቶች በሙሉ እንዲነገሯቸውና የማይፈልጓቸው እንዲሰረዙላቸው መጠየቅ ይችላሉ። «በሙሉ» የሚለውን ቃል ጠንከር አድርጎ መናገር ይጠቅማል፤ ሸማቹ የሚያውቀው አንዱን ሆኖ ሌሎች ሁለት መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። የአየር ሰዓት ማለቁ ደንበኝነቱ ተቋረጠ ማለት አይደለም። ምዝገባው እስካለ ድረስ ሂሳቡ በተሞላ ጊዜ ክፍያው እንደገና ሊቆረጥ ይችላል። «ካርድ ስሞላ ወዲያው ይጎድላል» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። መልእክቱን ከስልኩ ላይ መሰረዝ ወይም ላኪውን ቁጥር ማገድም ክፍያውን አያስቆምም፤ መልእክቱ እንዳይታይ ብቻ ያደርጋል።

ዝምታ ስምምነት ነውን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ላይ የውል ሐሳብ የቀረበለት ሰው ዝም ማለቱ ሐሳቡን እንደተቀበለ እንደማያስቆጥር ይደነግጋል። ስለሆነም ላልጠየቀው አገልግሎት መልእክት የደረሰው ሰው «አልፈልግም» ብሎ ባለመመለሱ ብቻ ደንበኛ ሆኗል ሊባል አይገባም። አገልግሎት ሰጪው ሸማቹ የተስማማበትን ድርጊት፣ ቀኑንና መንገዱን ማሳየት ይኖርበታል።

ሆኖም ይኸው ሕግ በቁጥር 1684 ላይ፣ ከዚህ በፊት በነበረ ውል የሥራ ግንኙነት ባላቸው ወገኖች መካከል ዝምታ እንደ መቀበል የሚቆጠርበትን ሁኔታ ይዟል። ይህም ውሉን ለመቀጠል ወይም ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ ተለይቶ በተዘጋጀ ጽሑፍ ሲደርስና በተገቢው ጊዜ ካልተመለሰ እንደተቀበሉት እንደሚቆጠር ሲገለጽ ነው። በተግባር የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በፈቃዱ ደንበኛ የሆነ ሰው የዋጋ ጭማሪ ወይም የአገልግሎት ለውጥ ማስታወቂያ ሲደርሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ካልተስማማ በጽሑፍ መመለስ፣ የመለሰበትንም ቅጂ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ጠቃሚ ድንጋጌ ቁጥር 1686 ነው። አንዱ ወገን ለደንበኞቹ ሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የውል ቃሎች፣ ሌላው ወገን አውቋቸው ካልተቀበላቸው ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተወሰኑ ወይም የጸደቁ ካልሆኑ በስተቀር አያስገድዱትም። ረዥም የውል ሰነድ በማስፈንጠሪያ ውስጥ ደብቆ «ተስማምተሃል» ማለት ከዚህ ድንጋጌ አንጻር ለክርክር በር ይከፍታል። ሸማቹ ሳይገባው የከፈለው ገንዘብ ካለም፣ የማይገባ ክፍያን ስለማስመለስ በሚናገሩት የሕጉ ድንጋጌዎች መሠረት እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በበኩሉ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና ጉዳት ሲደርስበት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው አውቋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ከልክሏል። ዋጋን፣ የክፍያውን ድግግሞሽና የማቋረጫውን መንገድ የማይገልጽ ማስታወቂያ በቂ መረጃ ሰጥቷል ለማለት ያስቸግራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልእክትና መዝገብ ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው ስላደረገ፣ በስልክ ላይ ያለ የጽሑፍ መልእክት ወይም የማያ ፎቶ ለአቤቱታ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ ይችላል።

በካርድ የሚከፈሉ የውጭ አገልግሎቶች

ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የመረጃ ማከማቻ፣ የቋንቋ ትምህርትና የመሳሰሉት የውጭ አገልግሎቶች የዓለም አቀፍ ክፍያ ካርድ ባላቸው ደንበኞች ይገዛሉ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት መተግበሪያውን ከስልክ ላይ በማጥፋት ደንበኝነቱ ተቋርጧል ብሎ ማሰብ ነው። መተግበሪያው ይጠፋል፤ ክፍያው ይቀጥላል። በጎግል ፕሌይ የተገዛ ከሆነ በመለያው ሥር «ክፍያዎችና ደንበኝነቶች» የሚለውን ክፍል፣ በአይፎን ከሆነ በቅንብሮች ውስጥ ስምን በመንካት «ደንበኝነቶች» የሚለውን ክፍል ከፍቶ መሰረዝ ያስፈልጋል። በድርጅቱ ድረ ገጽ በቀጥታ የተገዛ ከሆነ ደግሞ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይሰረዛል። የነጻ ሙከራ ጊዜን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ጠብቆ መሰረዝ አደጋ አለው፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መፈጸም ይገባል።

የውጭ ምንዛሬ ዋጋም የራሱ ድርሻ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋው በዶላር ያልተነካ ደንበኝነት በብር ሲሰላ ግን በዚያው መጠን ጨምሯል ማለት ነው። ከዓመታት በፊት ተመዝግቦ የረሳው ሸማች ዛሬ ምን ያህል እየከፈለ እንደሆነ የባንክ መግለጫውን አውጥቶ ቢመለከት መልካም ነው።

ካርድን ማሳገድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። አዲስ ክፍያ እንዳይቆረጥ ያደርጋል፣ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ያለውን ውል ግን አያፈርስም። ያልፈቀዱት ክፍያ ተቆርጦ ካገኙት ካርዱን ለሰጠው ባንክ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በካርድ ክፍያ ላይ የሚቀርብ ክርክር የጊዜ ገደብ አለበት። በአገር ውስጥ ባንክ የተሰጠ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ከዚህ ይለያል፤ ትዕዛዙን የሰጠው ደንበኛው ስለሆነ በዚያው ባንክ ቀርቦ ይሰርዘዋል።

አቤቱታ የሚቀርበው የት ነው?

የቴሌኮም አገልግሎትን የሚመለከት ከሆነ መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ ይቀርባል። የአቤቱታ መለያ ቁጥር መቀበልና ቀኑን መመዝገብ አይዘንጋ፤ ያለዚህ ቁጥር ቀጣዩ ደረጃ ይከብዳል። ተገቢ ምላሽ ካልተገኘ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። ስልክ ቁጥር ያለፈቃድ ለማስታወቂያ ወይም ለምዝገባ ጥቅም ላይ ውሏል የሚል ቅሬታም፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አፈጻጸምን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት ለተሰጠው ለዚሁ ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል። ባንክን የሚመለከት ጉዳይ በመጀመሪያ ለባንኩ፣ ካልተፈታ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይቀርባል።

ሌሎች የአገልግሎት ደንበኝነቶችን በተመለከተ፣ ከቴሌኮምና ከባንክ ውጭ ያለ ሸማች በሚኖርበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ለሚገኘው የንግድ ቢሮ ያመለክታል። ቀድሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይሠራቸው የነበሩ ተግባራት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፈዋል። ለአቤቱታው የምዝገባ መልእክቱ ፎቶ፣ ክፍያው የተቆረጠባቸው ቀናትና መጠን፣ ለማቋረጥ የተደረገው ጥረት ማስረጃ በቂ መነሻ ናቸው።

አቤቱታ ያቀረበ ሰው ስልክ ተደውሎለት «ገንዘብዎን እንመልስልዎታለን» ተብሎ የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥሩን ወይም በመልእክት የደረሰውን ማረጋገጫ ኮድ እንዲናገር ቢጠየቅ መናገር የለበትም። ገንዘብ ለመመለስ የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

በውጭ የሚኖሩ ዜጎች ለገዙት አገልግሎት የሚገዛቸው የሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት የሚሸጥ፣ በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ውሎቹን በግልጽ እንዲያሳውቅ፣ ፈቃድ እንዲቀበልና ቀላል የማቋረጫ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በጀርመን ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድረ ገጽ ለተገቡ ውሎች የማቋረጫ ቁልፍ በዚያው ድረ ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት።

ከውጭ ሆነው ለወላጆቻቸው የአየር ሰዓት የሚሞሉ ወገኖች በብዛት የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ አቤቱታውን የማቀርበው እኔ ነኝን? አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ዋጋው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ተከፍሎለት ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ስለዚህ የአየር ሰዓቱ ከልጅ ቢላክም አቤቱታ የማቅረብ መብቱ የወላጅ ነው። የማቋረጫ መልእክቱም መላክ ያለበት ከወላጅ ሲም ካርድ ነው፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በአቅራቢያ ያለ የቤተሰብ አባል ከስልካቸው ላይ እንዲልክላቸው፣ ወይም መታወቂያቸውን ይዘው በኦፕሬተሩ የሽያጭ ማዕከል እንዲቀርቡ ማድረግ ይቻላል።