በጎንደር አድባራት ስለ ነበሩት መጻሕፍትና ስለ አንባቢዎቻቸው

ለዚህች ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው መጽሐፍ አንድ ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ሕንጻውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ሌሎች ጽፈዋልና እኔ ስለ መጻሕፍት ልናገር ብዬ አሰብሁ። ይኸውም በዕቃ ቤት ስላሉት ብቻ አይደለም፤ በጎንደር አገር መጽሐፍ እንዴት ይነበብ እንደ ነበረ፥ እንዴት እንደ ጠፋና እንዴትም እንደ ቆየ ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ፥ እርሳቸውም ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም አድባራትን እየተከሉ መጻሕፍትን አስጻፉላቸው። መጽሐፍ ማስጻፍም እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። የፍየሉና የበጉ ቆዳ ተወጥሮ፥ ተፍቆ፥ ደርቆ ብራና ይሆናል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጃል፤ ቀዩም ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል፤ ጸሓፊው ጐንበስ ብሎ በሸምበቆ ብዕር ሲጽፍ ወራት ያልፋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ የሰረቀውና የፋቀው ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን የሚያስፈራ ቃል ይጻፍበት ነበር።

አብዛኛው ምእመን ግን መጽሐፍ አልነበረውም፥ ፊደልም አልቈጠረም። ነገር ግን ከንባብ የራቀ አልነበረም። ስንክሳሩ እንደ ዕለቱ፥ ተአምረ ማርያሙ በሰንበት፥ ድርሳነ ሚካኤሉ ወር በገባ በ12 ቀን፥ ግብረ ሕማማቱ በሰሙነ ሕማማት ይነበብለታል። ፊደል የቈጠረውም ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ዕለታት ከፍሎ ይደግማል።

እኔ በልጅነቴ በወገራ ሳለሁ ፊደል የማያውቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ቄሱ ተአምሩን ሲያነቡ ቸኵለው ኖሮ፥ እመቤታችን የተጠማውን ውሻ በጫማዋ ውሃ ያጠጣችበትን ታሪክ ቈርጠው አለፉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አሮጊቷ በደጀ ሰላም ጠብቀው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ፥ «አባ፥ ዛሬስ ውሻውን በጥሙ ተዉትሳ!» አሏቸው። ቄሱም ሣቁ፥ አፈሩም። በእኒያ ሴት ደጃፍ ለመንደሩ ውሻ ሁሉ ውሃ የሚቀመጥበት አንድ የገንቦ ገል ነበረ፤ እኛ ልጆቹ ከየት የመጣ ልማድ እንደ ሆነ አናውቅም ነበር።

ነገር ግን መስማት ብቻ አይበቃም። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ቀርቦ ምሥጢሩ ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም ታላቅ ሹም ሳለ አስተማሪ እንደሚያሻው ለመናገር አላፈረም። የጎንደር መጻሕፍት ትምህርት በዚህ ላይ የቆመ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ብሉዩ፥ ሐዲሱ፥ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ እያንዳንዳቸው ወንበር አላቸው። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩም በአማርኛ ይፈቱታል፤ ከዚያ ወዲያ «አንድም» እያሉ ሌላውን ምሥጢር ያመጣሉ፤ ምሳሌውንም ከእርሻው፥ ከገበያው፥ ከቤተ መንግሥቱ ይወስዱታል። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ይህን ትርጓሜ አቅንተውታል፤ የታች ቤቱም ከእርሳቸው ይቈጠራል። እኔ የቅኔ ልጅ ነኝና በላይ ቤትና በታች ቤት መካከል ዳኛ አልሆንም። መጽሐፉ አንድ፥ ተማሪው ብዙ ነበረና፥ ደበሎ የለበሰው ልጅ ቀን አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሎ ሌሊት የተማረውን በቃሉ ያስኬደው ነበር።

ጀምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር መጥቶ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጅ ይዞ ሄደ። በአውሮጳ ይህ መጽሐፍ ሙሉው ጠፍቶ ስሙና ጥቂት ክፍሉ ብቻ ቀርቶ ነበርና ሊቃውንቱ እጅግ ተደነቁ፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች በአራማይክ የተጻፈ ቍራጩ ተገኘ። ሙሉው ግን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ይህም የሆነው የእኛ ብራና ከሌላው ብራና ስለ ጠነከረ አይመስለኝም፤ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጥሮ ሲነበብና ሲገለበጥ ስለ ኖረ ነው እንጂ። ብሩስም ሦስቱን ይዞ ሲሄድ ጎንደር ሄኖክን አላጣችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ የአድባራቱንም መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ። ንጉሡ መጽሐፍን የናቁ ሰው አልነበሩም፤ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ነው የሰበሰቡት፤ ዳሩ ግን ለተነጠቀው ደብር ይህ መጽናኛ አይሆነውም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጫኑት፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ወደ ሎንዶን ሄደው እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትን በደብዳቤ ጠይቀው ተመለሰላቸው። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አድባራቱን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ብራናው በሁለት እሳትና በአንድ ዘመቻ ይህን ያህል ሲጐዳ፥ የአንድምታው ትርጓሜ ግን አልጠፋም፤ በሰው ልብ ነበረና። በ20ኛው መቶ ዓመትም ወደ ማተሚያ ቤት የገባው ከመምህራን አፍ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የታተመው መጽሐፍ በየገበያው ይሸጣል። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ደጋ ስሟን ወደማልጠራት አንዲት ደብር ሄጄ የጻድቁን ገድል እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። በታላቅ ክብር አወጡት፤ ማኅደሩ በጠፍር ታስሮ ነበር። በየዓመቱ በንግሥ ያጥኑታል፥ ሕዝቡም ይሳለመዋል፤ ነገር ግን የሚያነበው መሪጌታ ካረፉ ወዲህ የፈታው ሰው የለም። ጠፍሩን ብንፈታው የፊተኛውን ክፍል አይጥ በልቶት፥ የመካከሉም ቅጠል በዝናም ጠብታ ተጣብቆ አገኘነው። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። «እኛ እኮ ፈርተነው ነው፥ የኔታ፤ እንዳይረክስ ብለን» አሉኝ።

የቀረውን በዚያው ዕለት ከዋርካው ሥር አነበብሁላቸው። ሕዝቡም ፀሐይ እስክትገባ ቆሞ ሰማ። መጀመሪያው ስለሌለ ጻድቁ የት እንደ ተወለደ፥ ወላጆቹም እነማን እንደ ነበሩ ሳንሰማ፥ ከመካከሉ ጀመርን።