ብረትና ብረት ሠሪ

በአገራችን ብረት ክፉ መንፈስን ያባርራል ይባላል። በእንጅባራና በዳንግላ ባላገር ቤት ከአራስ ራስጌ ቢላዋ ሲቀመጥ አይቻለሁ። የሚያስገርመው ግን፥ ያንኑ ብረት በወናፍ አግሎ በመዶሻ ቀጥቅጦ የሚያበጀው ሰው «ቡዳ» እየተባለ መሸሹ ነው። ያለ ማረሻ ጤፍ አይዘራም፤ ያለ ልጓም የአዊ ፈረስ አይገራም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቆየ።

ልጆቼ ሆይ፥ ብረት ከአፈር ወጥቶ በእሳት የሚነጠር ማዕድን ነው፤ በጎነቱም ክፋቱም ከሚይዘው እጅ ነው። ቢላዋውን ለሕፃኑ ጠባቂ አድርጎ፥ የቢላዋውን ሠሪ ለሕፃኑ ጠላት ነው የሚል ሰው ፍርዱ የተጣመመ ነው። ስለዚህ በቀጥቃጩ ደጅ ስታልፉ ቀድማችሁ እጅ ንሡ፤ ማረሻ ስታሠሩም ዋጋውን አታጓድሉበት።